ቤት ውስጥ ጌጥ ለመስራት፦ በክር፣ በሽቦ፣ በኮላ ወይስ በእሳት?

ሰሞኑን ሰው ሚጠይቀኝ ጥያቄ ሁሌ አንድ አይነት ነው፣ "ጌጣጌጥ ራሴ መስራት መጀመር ፈልጌያለሁ፣ ዶቃ ይሻለኛል ወይስ ሽቦ? ብርስ ቤት ውስጥ መስራት ይቻላል?" ይላሉ። እኔ ደሞ መልሴን ከመገጣጠሚያው ነው ምጀምረው። አንገታችሁ ላይ የነበረ ጌጥ ሲበላሽ አይታችሁ ከሆነ ዶቃው ወይ ድንጋዩ ሲሰበር ብዙም አያጋጥምም፣ ሚበጠሰው ክሩ ነው፣ ሚከፈተው ትንሿ ቀለበት ናት፣ ሚላቀቀው ኮላው ነው። ስለዚ ሰው "በምን ልስራ" ሲለኝ እኔ ውስጤ ምሰማው "በምን ላያይዝ" ሚለውን ነው። ቤት ውስጥ ማያያዝ ሚቻለው በአራት መንገድ ነው፣ በቋጠሮ፣ በማጠፍ፣ በማጣበቅና በእሳት። አራቱም የየራሳቸው ዕቃ፣ ወጪ፣ አደጋና ሚሆኑለት ሰው አላቸው።

ይሄን የተማርኩት በራሴ ስራ ነው። ለአክስቴ ልጅ መልስ ብዬ ቀይ ዶቃ ሰርቼላት ነበር፣ 64 ፍሬ፣ እያንዳንዱ 8 ሚሊ፣ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ነበር የሰካሁት ምክንያቱም ሻጩ "ይሄ በጭራሽ አይበጠስም" ስላለኝ። እውነትም ናይለኑ አልተበጠሰም። ገና እስክስታው ሲጀመር ግን ቋጠሮው ተንሸራቶ ተፈታና ዶቃው ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ እናቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ከሶፋ ስር ሲለቅሙ የልጅቷን ፊት እስካሁን አልረሳውም። ያ ናይለን ሚያንሸራትትና ግትር ስለሆነ ቋጠሮ ይዞ አይቆይም፣ በተጠቀለለበት ቅርፅ መመለስ ይፈልጋል፣ ከጊዜ በኋላ ደሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ዓሣ አጥማጅ የራሱ ልዩ ቋጠሮ አለው፣ እኛ የጫማ ቋጠሮ ቋጥረን ነው ምንጠብቀው።

እንግዲህ ከክር እንጀምር፣ ምክንያቱም ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው መጀመሪያ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ደሞ ለኛ አዲስ ነገርም አይደለም፣ ማተብ አስረን ነው ያደግነው። ክር ለመስራት መርፌ፣ መቀስ፣ ላይተርና ሜትር ካላችሁ በቃ ጀምራችኋል። ክሩን በተመለከተ እኔ ብዙ ሞክሬ የረጋሁት ጫማ ሰፊዎች ሚጠቀሙት ሰም የተቀባ ናይለን ክር ላይ ነው፣ ሻካራ ስለሆነ ቋጠሮ ይይዛል፣ ጫፉን በላይተር ስታቀልጡት ደሞ እንደ ቁልፍ ሆኖ ይቀራል። የጥጥ ክር ከወደዳችሁ (ለቀለሙ ሲባል አንዳንዴ የግድ ነው) ቁራጭ ጧፍ ያዙና ክሩን ሁለት ሶስቴ ሰሙ ላይ ጎትቱት፣ ላብ ቶሎ አይገባውም፣ አይተረተርም፣ መርፌ ላይም አያስቸግርም።

ትልቁ ልዩነት ግን በየዶቃው መሃል መቋጠር ላይ ነው። ዝም ብሎ የተሰካ ዶቃ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ሁሉም ይበተናል፣ በየመሃሉ የተቋጠረ ግን ሚወድቀው ቢበዛ አንድ ዶቃ ነው፣ ደሞ ዶቃዎቹ እርስ በርስ አይፋጩም። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ዶቃውን ታስገባላችሁ፣ ከዶቃው በላይ ልል የሆነ ቋጠሮ ታበጃላችሁ፣ ገና ሳታጠብቁት መርፌ በቋጠሮው ቀዳዳ ታስገቡና ቋጠሮውን በመርፌው እየነዳችሁ እስከ ዶቃው አንገት ታወርዱታላችሁ፣ ዶቃው ላይ ሲያርፍ በአውራ ጣት ጥፍር ይዛችሁ መርፌውን ታወጣላችሁ፣ ከዛ ክሩን ትስባላችሁ። የመጀመሪያዎቹ አስር ቋጠሮዎች ክፍተት ይኖራቸዋል፣ ከዛ በኋላ እጅ ይለምዳል። ክሩን ከምትፈልጉት ርዝመት ሶስት አራት እጥፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ቋጠሮ ክር ይበላል። ሂሳቡ ላይ ደሞ አንድ ደስ ሚል ነገር አለ፣ ያ የመልሱ ቀይ ዶቃ ተለቅሞ ሲቆጠር 55 ብቻ ነው የተገኘው፣ ዘጠኙ ጠፉ፣ ግን በየመሃሉ ስቋጥረው እያንዳንዱ ቋጠሮ አንድ ሚሊ ተኩል ገደማ ስለሚጨምር ርዝመቱ ተመልሶ 52 ሳንቲ ሆነ፣ እንደውም ከበፊቱ በትንሹ በለጠ። ስለዚ ውድ ዶቃ ምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ አስሉ፣ ለ45 ሳንቲ ሀብል 8 ሚሊ ዶቃ ያለ ቋጠሮ 56 ያስፈልጋል፣ በቋጠሮ ግን 47 አካባቢ ይበቃል።

ክር ሚሸነፍበት ቦታ ደሞ አለ። የብረት ዶቃ፣ የነሐስ ዶቃ፣ በተለይ ከጥይት ቀለህ ቀልጦ የተሰራው የሀገራችን ዶቃ፣ ቀዳዳው ጠርዝ ስላለው ክሩን ቀስ በቀስ እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ለሱ ናይለን የለበሰ ቀጭን የብረት ገመድ ነው ሚሆነው፣ ጫፉ አይቋጠርም፣ በትንሽ ቱቦ አስገብታችሁ ቱቦዋን በፒንሳ ትጨፈልቃላችሁ። ወይ ደሞ ከመስካታችሁ በፊት ቀዳዳውን በቀጭን ክብ ሞረድ አለስልሱት። የእጅ አምባር በላስቲክ ምትሰሩ ሰዎች ደሞ ላስቲኩን ከመስካታችሁ በፊት በደንብ ሳቡት፣ ካልሳባችሁት በሳምንቱ ይረዝምና ዶቃዎቹ መሃል ክፍተት ይመጣል። ላስቲክ ግን በላብና በፀሐይ ያረጃል፣ ምንም ብታደርጉ፣ ስለዚ ለልጅ ወይ ለራሳችሁ ሲሆን ጥሩ ነው፣ ለስጦታና ለሽያጭ ግን አልመክረውም። ለህፃናት ከሆነ ደሞ ትንንሽ ዶቃ አፍ ውስጥ ሚገባ ነገር ስለሆነ በጭራሽ።

ሽቦ ጋ ስንመጣ ጨዋታው ይቀየራል። ክር ትዕግስት ነው ሚፈልገው፣ ሽቦ ደሞ እጅ። ያለ እሳት፣ ያለ ሙጫ፣ ብረት በብረት ላይ ጠምዝዛችሁ ማያያዝ ስለምትችሉ እኔ በግሌ ከሁሉም ምወደው እሱን ነው፣ ለጉትቻ ደሞ ምንም አይስተካከለውም። ሚያስፈልጋችሁ ሶስት ፒንሳ ነው፣ አንዱ አፉ ክብ እየቀጠነ ሚሄድ፣ አንዱ ጠፍጣፋ (ውስጡ ጥርስ የሌለው፣ ጥርስ ካለው ሽቦው ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ ካላገኛችሁ አፉን በፕላስተር ጠቅልሉት)፣ አንዱ መቁረጫ። ገንዘብ ካጠራችሁ ክቡን ብቻ ግዙ፣ የጥፍር መቁረጫ ለቀጭን ሽቦ መቁረጫ ይሆናል።

ሽቦውን ለመለማመጃ መግዛት አያስፈልግም። የቤት መብራት ሚዘረጉ ኤሌክትሪሻኖች ቁርጥራጭ ኬብል ይጥላሉ፣ 1.5 ሚባለው ኬብል ውስጥ ያለው አንድ ወጥ መዳብ ውፍረቱ 1.4 ሚሊ ገደማ ነው፣ ለአምባር ሁነኛ ነው። የኢንተርኔት መስመር ኬብል ውስጥ ደሞ ስምንት ሽቦ አለ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ አካባቢ፣ ዶቃ ለመጠቅለልና ለጌጥ ጥምዝ ፍፁም ነው። አንድ ነገር ግን ፈትሹ፣ ርካሽ ኬብሎች ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ አለ፣ በምላጭ ፋቅ ስታደርጉት ነጭ ከመጣ ጣሉት፣ ሁለት ሶስቴ ሲታጠፍ ይሰበራል። ፕላስቲኩን ደሞ በቢላ ግፈፉት፣ ምናለሽ ተራ አካባቢ እንደሚደረገው በእሳት አታቃጥሉት፣ ጭሱ ሳንባ ሚጎዳ መርዝ ነው፣ ሽቦውንም ያጠቁረዋል።

አሁን እጥፋቱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሽቦ ስራ ማለት ይቺ አንዲት እጥፋት ናት። ሽቦውን በዶቃው ውስጥ አሳልፉ፣ ከዶቃው በላይ ሁለት ሶስት ሚሊ አንገት ትታችሁ በጠፍጣፋው ፒንሳ ወደ ጎን አጥፉት፣ ከዛ በክቡ ፒንሳ ላይ ዞር አድርጋችሁ ቀለበት አብጁ፣ ቀለበቱን ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ትርፉን ሽቦ አንገቱ ላይ ሁለት ሶስት ዙር ጠምጥሙት፣ ቁረጡ፣ ጫፏን በፒንሳ ተጫኗት። ጫፏ ካልተጫነች ሹራብና ነጠላ ትቀዳለች። ብዙ ጀማሪ ይሄን ጥምጥም ይዘልና ቀለበት ብቻ አጥፎ ይተዋል፣ ያ ቀለበት ነው አንድ ቀን ተከፍቶ ጉትቻችሁን ታክሲ ውስጥ ሚያስቀረው። ትንሿን ማያያዣ ቀለበት ስትከፍቱ ደሞ ሁለቱን ጫፍ ወደ ግራና ቀኝ አትለጥጡ፣ አንዱን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ ነው፣ እንደ በር፣ ስትዘጉትም እንደዛው፣ ያኔ ክብነቷን ሳታጣ ጥርቅም ትላለች።

መዳብ በታጠፈ ቁጥር ይጠነክራል፣ ደጋግማችሁ ካጠፋችሁት ደሞ ይሰበራል። ስትሰሩ እምቢ ካላችሁ ቡታጋዝ ላይ ይዛችሁት ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ጠብቁና ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ እንደገና እንደ ክር ይለሰልሳል። ብረት (ማለቴ ቢላና ሞረድ ሚሰራበቱ) ቀልቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይጠነክራል፣ መዳብና ብር ግን አይደሉም፣ ይሄን ሳላውቅ ብዙ ሽቦ ጥዬያለሁ።

ሽቦ ላይ ሰው ሚፈራው ቆዳ አረንጓዴ ማድረጉን ነው። መዳብ ከላብ ጋ ሲገናኝ አረንጓዴ ያደርጋል አዎ፣ ግን በሳሙና ይለቃል፣ ጉዳት የለውም፣ ጌጡን ደሞ በሎሚና ጨው ስታሹት እንደ አዲስ ይሆናል። ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ሚገባው ክፍል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ላይ አልደራደርም። ለመንጠቆው ወይ 925 ብር (ከሺህ 925ቱ ንፁህ ብር የሆነ ቅይጥ) ወይ የህክምና ስቲል ተጠቀሙ። ገበያ ላይ ያለው ነጭ ርካሽ መንጠቆ ብዙው ኒኬል አለበት፣ ኒኬል ደሞ ጆሮ ሚያሳክክ፣ ሚያቆስል፣ ውሃ ሚያስቋጥር ነገር ነው፣ አንዴ ሰውነታችሁ ከጠላው እድሜ ልክ ነው ሚጠላው። አውሮፓ ህብረት ከቆዳ ጋ ሚነካካ ጌጥ ላይ ኒኬልን በህግ የገደበው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፣ እኛ ጋ ግን ዓይናችንና ጆሯችን ናቸው መርማሪዎቹ። "የጀርመን ብር" ሚባለውን ደሞ ብር እንዳይመስላችሁ፣ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፣ አንድ ግራም ብር የለበትም።

መንጠቆ ራሳችሁ መስራት ትችላላችሁ፣ 0.8 ሚሊ የብር ሽቦ አምስት ሳንቲ ቁረጡ፣ አንዱን ጫፍ ላይ ትንሽ ቀለበት፣ መሃሉን ቢክ እስክሪብቶ አካል ላይ ዞር አድርጉት፣ ጫፉን በትንሹ ወደ ውጭ። ከዛ ጆሮ ሚገባውን ጫፍ በጥሩ ሞረድ አክቡት። ማረጋገጫው ስቶኪንግ ነው፣ ጫፉን አሮጌ ስቶኪንግ ላይ ስትጎትቱት ክር ከቀዳ ጆሮም ይቧጭራል፣ እንደገና ሞርዱ።

ጨርቅና ቆዳ ላይ ብዙ አልቆይም ግን ይሄንን ሚንቁ ሰዎች ስላሉ አንድ ነገር ልበል፣ በጣም የሀገራችን ሚመስል ነገር ቤት ውስጥ መስራት ምትችሉት በዚህ ነው። ሽሮ ሜዳ ወይ ሸማ ተራ ልብስ ሚሰፉ ሰዎች ጋ የጥለት ቁራጭ ይተርፋል፣ እሱን ካርቶን ወይ ትልቅ የኮት ቁልፍ ላይ ወጥራችሁ ከጀርባ በመርፌ ሰብስባችሁ ብትሰፉት ምን የመሰለ ጉትቻ ይወጣል፣ ደሞ ቀላል ስለሆነ ጆሮ አይጎትትም፣ ለበዓል ቀሚሱ ከራሱ ጥለት ጋ ሚገጥም ጌጥ ማለት ነው። ማያያዣው ስፌት ስለሆነ እምነት ሚጣልበት ነው። ድክመቱ ውሃና ቅባት ነው፣ ፀጉር ቅቤ ወይ ቅባት ሚቀባ ሰው ጥለቱን በሳምንት ያቆሽሸዋል፣ ማጠብ ደሞ አይቻልም። ጀርባውን በስስ ቆዳ ሸፍኑት፣ ቅባቱ ሚገባው በጀርባ በኩል ነው።

ሙጫ ያለበት ስራ፣ ማለትም ሊጥና ሬዚን (ፈስሶ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ሚደርቅ ፕላስቲክ)፣ ቪድዮ ላይ በጣም ያምራል፣ ለዛም ነው ሰው ሁሉ በሱ ልጀምር ሚለው። እኔ በግልፅ ልናገር፣ መጀመሪያ ለሚጀምር ሰው የመጨረሻ ምርጫዬ ነው። በቤት ሚሰራው ሊጥ ከበቆሎ ስታርችና ከነጭ ኮላ እሳት ላይ እየተማሰለ ነው ሚዘጋጀው፣ ርካሽ ነው፣ ለልጆች ደስ ይላል፣ ግን ሲደርቅ ይቀንሳል፣ ወፍራም ከሆነ ይሰነጠቃል፣ ቫርኒሽ ብትቀቡትም ዝናብ አይችልም። ከውጭ ሚመጣው ፖሊመር ሸክላ (በሙቀት ሚጠነክር የፕላስቲክ ሊጥ) የተሻለ ነው፣ በምድጃ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ባለው መሃል ይበስላል (ማሸጊያው ላይ ያለውን ተከተሉ)፣ ግን የኛ ምድጃዎች ቁጥራቸውና ሙቀታቸው ሁሌ አይገናኝም፣ ካለፈ ደሞ ያራል፣ ጭሱም ጉሮሮ ይከረክራል፣ ስለዚ የምድጃ ቴርሞሜትር ከሌላችሁ አትሞክሩት፣ ከዳቦ ጋም አንድ ላይ አታስገቡ። ሬዚን ሁለት ፈሳሽ ነው፣ ከነሃርድነሩ (ማጠንከሪያው)፣ ልኬቱ ትንሽ ከተዛባ ለዘላለም እንደ ማር እየተጣበቀ ይቀራል፣ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ማታ ሲቀዘቅዝ ደሞ በ24 ሰዓት ይደርቃል የተባለው ሶስት ቀን ሊወስድ ይችላል። ጓንት ያስፈልጋል፣ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል፣ ነፍሰ ጡር ሴትና ህፃን ባሉበት ክፍል አይሰራም። እና ይሄ ሁሉ ተደርጎ መጨረሻ ላይ መንጠቆው ሚያያዘው በሙጫ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው፣ ገና ሳይደርቅ የሽቦ ቀለበት ውስጡ ቅበሩበት፣ ጫፏን ጠምዝዛችሁ፣ ያኔ ይይዛል።

አሁን ብዙ ሰው በልቡ ያለው ጋ፣ ብር ጋ እንምጣ። መስቀል፣ ቀለበት፣ አምባር፣ አልቦ፣ እናቶቻችን ያደረጉትን አይነት በገዛ እጄ ልስራ ማለት ትልቅ ምኞት ነው፣ እኔም አለኝ። ግን ቁጥሮቹን እዩአቸው። ንፁህ ብር ሚቀልጠው 961 ዲግሪ ላይ ነው፣ 925 ሚባለው ከዛ ቀደም ብሎ ወደ 800 አካባቢ መቅለጥ ይጀምርና ወደ 890 ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል፣ መበየጃው ብር ደሞ እንደ አይነቱ ከ700 ዲግሪ ወዲያና ወዲህ ይፈሳል። እና ስራችሁ በነዚህ መሃል ባለች ጠባብ ቦታ ላይ ነው፣ ጥቂት ሰከንድ ካለፋችሁ መስቀሉ ራሱ ተኮማትሮ ኳስ ይሆናል። መበየጃውን በቀጥታ አይደለም ምታሞቁት፣ ዕቃውን ሁሉ እኩል ታሞቃላችሁ፣ ቦራክስ (መበየጃው እንዲፈስ ሚረዳ ነጭ ዱቄት) ቀብታችሁ፣ ከሰል ላይ አስቀምጣችሁ፣ ከዛ ሁሉም ሲደርስ መበየጃው ብልጭ ብሎ እንደ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ያቺን ብልጭታ አይቶ እሳቱን በቅፅበት ማንሳት ነው ሙያው፣ አንጥረኛ ጋ ቁጭ ብላችሁ አንድ ከሰዓት ብታዩ ምን እንደምል ይገባችኋል፣ እጁ ሳይሆን ዓይኑ ነው ሚሰራው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ መጋረጃ አጠገብ፣ ጋዝ ሲሊንደር ባለበት ኩሽና ይሄ አይሞከርም። የራሱ ቦታ፣ ከታች ሸክላ ወይ ጡብ፣ አየር፣ በአጠገብ ውሃ ወይ አሸዋ፣ ከጥጥ የተሰራ ልብስ (ናይለን ልብስ ቆዳ ላይ ይቀልጣል) ካላችሁ፣ ደሞ ሚያሳያችሁ ሰው ካለ፣ ቀጥሉ። መበየጃ ስትገዙ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ፣ ሬድዮና ሞባይል ሚጠገንበት እርሳስ ለጌጥ አይሆንም፣ ብዙው ሊድ አለበት፣ መርዝ ነው። ለፍሪጅ ቧንቧ መበየጃ ሚሸጡት የብር ዘንጎች ውስጥ ደሞ ካድሚየም ያለባቸው አሉ፣ ጭሱ በጣም አደገኛ ነው፣ ያለካድሚየም መሆኑ ካልተፃፈበት አትግዙ።

እኔ ምለው መሃለኛው መንገድ ነው። እሳት ሚፈልገውን አንድ ነገር ለአንጥረኛ ስጡ፣ የቀረውን እናንተ ስሩ። ለምሳሌ አንጥረኛው መስቀሉ ላይ ቀለበት ይበይድላችሁ ወይ ደርዘን ትንንሽ የብር ቀለበቶችን በይዶ ይዝጋላችሁ፣ ከዛ እናንተ ቤት ሆናችሁ በቋጠሮና በሽቦ ታሰናዱታላችሁ። ለአንጥረኛውም ትንሽ ስራ ናት፣ ለናንተ ደሞ የእሳት ዕቃ ሁሉ ከመግዛት በጣም ትቀንሳለች፣ እና ጌጡ ከገበያ ከተገዛው እኩል ይቆያል።

ስለ ጠገራ ብርም (የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ ማርትሬዛ ሚባለው የድሮ የብር ሳንቲም) ልናገር ምክንያቱም ሰው "አያቴ የተወችልኝ ማርትሬዛ አለ፣ ላስቀልጠው ወይ" ብሎ ይጠይቃል። ጠገራ ብር 28 ግራም ነው ሚመዝነው፣ ከሺህ 833ቱ ብር ነው፣ ስለዚ ንፁህ ብሩ 23 ግራም ከምናምን ነው። እኛ ጋ ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉም ላይ 1780 ነው የተፃፈው፣ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ የተመታውም በዛው ዓመት ስም ስለሚመታ የናንተው ከዛ በጣም ያነሰ እድሜ ሊኖረው ይችላል። ድሮ አንጥረኞቻችን ብዙውን መስቀልና አምባር ያደረጉት ይሄንኑ አቅልጠው ነው፣ ያ ነውር አልነበረም፣ ያኔ ብሩ በየገበያው ነበር። ዛሬ ግን ለኔ አታቅልጡት፣ አትብሱትም። ጠርዙን በአንድ ሚሊ የብር ሽቦ ዙሪያውን አቅፋችሁ፣ አራት ቦታ ላይ ጥፍር መሳይ እጥፋት አድርጋችሁ፣ ከላይ የጠመጠማችሁት ቀለበት ሰርታችሁ ማንጠልጠል ትችላላችሁ፣ ነገ ልጃችሁ ብታወጣው ሳንቲሙ ምንም አልሆነም።

ኦፓል (ውስጡ ብዙ ቀለም ሚያብለጨልጭ የከበረ ድንጋይ) ላላችሁም እንደዛው፣ ማያያዣው ነው ወሳኙ። የወሎው ኦፓል፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ደላንታ ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ በዓለም የታወቀው፣ አብዛኛው ውሃ ሚጠጣ ድንጋይ ነው። እኔ ጋ ያለውን የባቄላ ፍሬ ሚያህል ኦፓል አንድ ጊዜ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት፣ ቀለሙ ቀስ እያለ ጠፍቶ እንደ መስታወት ጥርት አለ፣ ደነገጥኩ፣ አውጥቼ ጥላ ውስጥ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩት፣ በአምስተኛው ቀን አረንጓዴውና ቀዩ ተመልሶ መጣ። ውሃ ይመለሳል፣ ሽቶ፣ ዘይት፣ ሱፐር ግሉ ግን ከገባበት ላይወጣ ይችላል። ስለዚ ለኦፓል ሙጫ በፍፁም፣ የሽቦ እቅፍ ብቻ፣ ለማድረቅም ፀሐይና እሳት አታሳዩት ይሰነጠቃል። ደሞ አቧራ ውስጥ ካለው አሸዋ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ይጫጫራል፣ በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት ሳይሆን ለጉትቻና ለአንገት አድርጉት።

እና ማን የቱን ይምረጥ? ማታ ከስራ በኋላ ልጆች ተኝተው ግማሽ ሰዓት ያላት ሰው ክር ትያዝ፣ ቋጠሮ የትም ቦታ ተቋርጦ ነገ ይቀጥላል፣ ጠረጴዛም አይፈልግም። ጉትቻ ምትወድ፣ ቶሎ ውጤት ማየት ምትፈልግ ደሞ ሽቦ፣ አንድ ጥንድ በሃያ ደቂቃ ይወጣል እጅ ከለመደ፣ መሸጥ ለሚያስቡም ከጊዜው አንፃር ሚያዋጣው እሱ ነው፣ በየመሃሉ የተቋጠረ ሀብል ግን ግማሽ ቀን ይበላል፣ ገዢ ደሞ የዶቃውን ዋጋ እንጂ የቋጠሮውን ሰዓት አያይላችሁም። እጇ ሚንቀጠቀጥ ወይ ዓይኗ የደከመ ሰው፣ እናቴን እንደማያት፣ ጥለቱ ይስማማታል፣ መርፌና ጨርቅ ቀድሞም ታውቀዋለች፣ ከ8 ሚሊ በታች ዶቃ አትስጧት። ሬዚን ሌሎቹን ከለመዳችሁ በኋላ። እሳት ደሞ፣ ሚያስተምር ሰው ስታገኙ።

ከአሜሪካ ወይ ከአረብ ሀገር ሚመጣ ዘመድ ካላችሁና "ምን ላምጣልሽ" ካላችሁ፣ ዶቃ አታስመጡ፣ ይከብዳል፣ እዚህም አለ፣ መርካቶ ከዛ የተሻለ ታገኛላችሁ። እዚህ ጥሩውን ለማግኘት ሚያደክመው ትንሹ ነገር ነው፣ 925 የተፃፈበት የጆሮ መንጠቆ፣ ሚጨፈለቁት ቱቦዎች፣ ናይለን የለበሰው ገመድ አንድ ጥቅል፣ ጥሩ መቆለፊያ። ሁሉም አንድ ላይ የሳሙና ማስቀመጫ አይሞላም፣ 50 ጥንድ መንጠቆ ከአንድ ጠገራ ብር ብዙም አይከብድም፣ ለዓመት ደሞ ያሰራችኋል።